ስጦታ የማትቀበለው ርዕሰ መምህርት

ርዕሰ መምህርት አርቪላ ሆልት ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዋ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ጠረጴዛዋ ላይ ከቤቷ ያመጣችው ዳቦ ተገምጦ ቀርቷል፤ አጠገቡ የኮክ ማርማላታ ብልቃጥ ተከፍቶ ነበር። ሐኪሙ ማርማላታው ውስጥ የፍልፈል መርዝ አገኘ። እኛ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የፍልፈል መርዝ የሌለበት ጎተራ ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም።

እኛን የገረመን ሌላ ነው። አርቪላ የሰው እጅ የነካውን ስትበላ! የትምህርት ቤት ሠራተኛ ከወላጅም ከነጋዴም ስጦታ እንዳይቀበል የሚለውን ደንብ እንደሷ ያጠበቀው የለም። ደንቡ ትንንሹን ነገር ያልፋል፤ እሷ ግን አታልፍም። ለገና የመጣላትን ኩኪስ እንኳ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና አንዷንም ሳትቀምስ ትወጣለች። ነፍሷን ይማረውና፣ ደረቅ ሴት ነበረች።

ሸሪፍ ዴል ግን ነገሩ አልቆለታል። «ናዲን ታትል ናት» አለ። «አርቪላ የሷን ልጅ በሒሳብ ወድቀሃል ብላ ከኳስ ቡድኑ አስወጣችባት። ናዲን ዓርብ ዕለት ‹ቆይ ታገኚያታለሽ!› ስትል ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ዳቦ ጋግራ መጣች። ማርማላታውም አብሮ የመጣ ነው። ምን ይመረመራል?»

«አንድ ቀን ታገሠኝ» አለችው መርማሪ ላሩ ኒልሰን። ላሩ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር የማይሆንላት ሴት ናት።

ናዲን ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «እህት ላሩ፣ ዳቦውን ያመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅበት ነው። እሷም ‹መምህራን ክፍል አስቀምጪው› አለችኝ፤ ተሻምተው በሉት። ማርማላታ ከየት አባቴ አመጣለሁ? ውርጩ አበባውን ከጨረሰው ወዲህ ዘንድሮ ኮክ ያየ ሰው አለ? እኔ ከታሰርኩ ልጄን ማን ያሳድግልኛል? አባቱ እንደሆነ የለም።»

ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሚሸጠው ሩሎን በበኩሉ ሲጠየቅ ሳቅ አለ። «እኔ? ለአርቪላ? አንድ ጊዜ እስክሪብቶ ሰጥቻት በፖስታ ቤት ነው የመለሰችልኝ!»

የቡድኑ አሰልጣኝ ቴይን ክራምፕተን የአርቪላ የቅርብ ጎረቤት ነው። «ዓምና ኮኩን የለቀምኩላቸው እኔ ነኝ» አለ ግንባሩን እየጠረገ። «እሷ ማርማላታ ትሠራለች፣ እኔ ድርሻዬን እወስዳለሁ። እንደዚያ ነበርን።»

«ድርሻህ ምን ሆነ?»

«ልጆቹ ይተዉታል እንዴ! ወዲያው ጨረሱት።»

«ብልቃጡስ?»

«ጣልኩት።»

ላሩ ትንሽ አየችውና ወጣች።

የአርቪላ ባል ቬርል ወጥ ቤቱ ውስጥ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ሲያናግሩት ይመልሳል፣ ነገር ግን ስለ ሌላ ሰው ሚስት የሚያወራ ነው የሚመስለው። ሐዘን እንዲህም ያደርጋል፣ ያደነዝዛል። ላሩ ብልቃጡን አሳየችው።

«የሷ ነው» አለ። «ታች ዘር አለበት አይደል? የኮኩን ፍሬ ሰብራ ዘሩን ትጨምርበታለች፤ መዓዛ ይሰጣል ትላለች። እሷ ብቻ ናት እንዲህ የምታደርገው።»

«ከቤት ይዛው ሄዳ ይሆን?»

«የኛ በፋሲካ አልቋል። እስከ ዛሬ ደረቅ ዳቦ ነው የምንበላው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ላሩ ሁሉንም የመምህራን ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሸሪፉ ካቴናውን ይዞ ናዲን አጠገብ ቆሟል።

«አርቪላ የወላጅ ስጦታ ቢመጣላት» አለች ላሩ፣ «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠው ነበር። የነጋዴ ከሆነ ትመልሰዋለች። ይሄን ግን ቢሮዋ ወስዳ ብቻዋን በላች። ለምን? ስጦታ ስላልሆነ ነው። የገዛ እጇ ሥራ ነው፤ ዘሩ ይመሰክራል። ዘንድሮ ኮክ የለም፣ ስለዚህ የዓምናው ነው። የቤቷ አልቋል። የዓምናው ማርማላታ የደረሰው ሌላ ሰው ማነው?»

ላሩ ወደ ሩሎን ዞረች።

«ወንድም ሩሎን፣ በጋ ላይ አላስካ ዓሣ ልታጠምድ ስትሄድ በገንዘብህ ማንን ይዘህ ሄድክ?»

ሩሎን ጫማውን አየ። «ቴይንን። ኮምፒውተር ገዢው ኮሚቴ ውስጥ ስለነበረ…»

«ቴይን» አለች ላሩ፣ «ብልቃጡን ጣልኩት አልከኝ። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። በኛ ሸለቆ ሰው ብልቃጥ አጥቦ ለባለቤቱ ይመልሳል እንጂ ሲጥል አይቼ አላውቅም። አንተም መልሰሃል፤ ባዶውን ግን አይደለም።»

ቴይን ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «እስከ ሰኞ ማታ ራስህ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለችኝ። ለአንድ የዓሣ ሽርሽር! የማስተማር ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነበር። ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ሸሪፉ ናዲንን ትቶ ወደ እሱ ሄደ። ናዲን እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ቬርል ቀና አለ።

«ስትሰጣት ምን አለችህ?»

«ወንድም ቬርል፣ እባክህ…»

«ምን አለችህ?»

«ማታ ለቦርዱ እነግራለሁ ብዬ ነው የሰጠኋት። አመነችኝ። ‹የራሴ ነው፤ የራሴን እንዳልቀበል ማን ይከለክለኛል?› አለች። አቀፈችኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ከሰው እጅ ተቀብላ አመሰግናለሁ ስትል የመጀመሪያዋ መሆኑን ነገረችኝ።»

«ሳቀች?»

ቴይን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ሳቀች ወይ ነው የምልህ!»

«ሳቀች።»

ቬርል ራሱን ነቀነቀ። ከሰኞ ጀምሮ ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ሊጠርገውም አልሞከረም።