ከመስኮቱ የማይታየው ፓርኪንግ

«አውሮፕላኑን እንደገና አስነሳው!» አለች ጣቢታ።

«ኧረ በናትሽ! ስንቴ ነው የሚነሳው?» ቀጄላ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። «ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ መብራት ደግሞ የለም።»

«አስነሳው አልኩህ እኮ!»

ሁለቱ ጓደኛሞች ክረምቱን ሙሉ በበረራ ጌም ውስጥ የቦሌን ኤርፖርት ሲሠሩ ከርመዋል። ጌሙ ይዞት የመጣው ቦሌ ባዶ ሜዳ ላይ የተጎለተ ግራጫ ሳጥን ነበር። እነሱ ተርሚናሉን፣ ማኮብኮቢያውን፣ አውቶቡሶቹን ሳይቀር ከሳተላይት ፎቶ እያዩ ሠሩት። ለቀጄላ ጨዋታ ነው። ጣቢታ ግን አንድ ነገር ማወቅ ፈልጋለች። እህቷ ሩታ ለሥራ ወደ ቤሩት የሄደች ቀን እናታቸው ብርሃነሽ የኤርፖርቱ ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ፣ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ቢጫ ጃንጥላዋን ስታውለበልብ ዋለች። እስከ ዛሬም «ሩታ ከመስኮቷ አይታኛለች» ትላለች። ጣቢታ ያንን ጃንጥላ ጌሙ ውስጥ ሠርታ ፓርኪንጉ ላይ አቁማዋለች። ዛሬ በሩታ መስኮት በኩል ልታሳያት ለእናቷ ቃል ገብታለች።

አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሳ። ጣቢታ መስኮቱ ላይ አፈጠጠች። የተርሚናሉ ጣሪያ፣ ጣሪያ፣ አሁንም ጣሪያ። ከዚያ ደመና። ፓርኪንጉ ከሕንፃው ጀርባ ተሸፍኖ ቀረ።

«አታካብጂ!» አለ ቀጄላ ፊቷን አይቶ። «ሕንፃውን ትንሽ ዝቅ እናደርገዋለን። እትዬ ብርሃነሽ በምን ያውቃሉ?»

ሕንፃውን በማውሱ ወደ ታች ጎተተው። ጃንጥላው ቁልጭ ብሎ ታየ። እናቷ ብታየው በደስታ እንደምታለቅስ ጣቢታ ታውቃለች።

«ሩታ ስትደውል ግን እማ ‹አየሽኝ አይደል?› ትላታለች። ሩታ ሁሌ ወሬ ትቀይራለች።»

«ጣቢታ! ደረሰ ወይ?» እናቷ ከጓዳ ተጣራች። «ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው!»

ጣቢታ ሕንፃውን ወደ ቦታው መለሰችው።

«አበድሽ እንዴ?»

«ቆይ! አውሮፕላኑ ሲመጣስ? ሊያርፍ ሲል በየት ነው የሚገባው?»

«በሰበታ ነዋ! በአናታችን ላይ አይደል እንዴ የሚያልፈው?»

ጃንጥላውን ከፓርኪንጉ አነሳችው። ካርታውን ወደ ሰበታ፣ ወደ ራሳቸው ግቢ ጎተተችና ከቧንቧው አጠገብ አቆመችው።

«ሜ፣ እስቲ ምን ልትያቸው ነው?» አለ ቀጄላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሩታ አላየችሽም እላታለሁ። ከዚያ ስትመጣ የት እንደምንቆም አሳያታለሁ።»

እናቷ የፋብሪካ ገዋኗን ለብሳ፣ ቢጫ ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛ ገባች።

ጣቢታ ወንበሩን ለቀቀችላት። «እማ፣ ተቀመጪ።»