ኢርፋን ጁምዓ ሄዶ ሳለ

ጭሱ ቀጭን ነበር፤ ሽታው ግን የትምህርት ቤቱን የሮቦት ክፍል ሞላው።

«አጥፋው! ኢርፋን፣ አጥፋው!» ማሂራ ላፕቶፗን አቅፋ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች።

ኢርፋን ማብሪያውን ሲያጠፋ ሮቦቱ የመወጣጫው ጣውላ አጋማሽ ላይ አንዴ ተንፈራገጠና ቀጥ አለ። የአራት ወር ሥራ! ውድድሩ እሁድ፣ ዛሬ ዓርብ። ቲቸር ጓንጉል መስኮት ሊከፍቱ ሮጡ፤ ማሂራም ደብተር እያራገበች ተከተለቻቸው። ኢርፋን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆሟል። ይሄኔ ነው ሦስተኛዋ የቡድኑ አባል ሠርኬ እጇን ከሮቦቱ ሆድ ሥር አስገብታ ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኘችበትን ሽቦ መንጭቃ ኪሷ የከተተችው። ሁለት ሰከንድ አልፈጀባትም። ማንም አላያትም።

ሳምንቱን ሙሉ የተጨቃጨቁት በዚሁ ነበር። ሮቦቱ መወጣጫው ላይ ይንቀራፈፋል። ሠርኬ «መጠባበቂያውን ባትሪ እንቀጥልበት፣ ጉልበት ያገኛል» ትላለች። የሽቦና የብየዳ ሥራ የኢርፋን ነው፤ እሱ ደግሞ «ሞተሩን የሚያዘው ቦርድ አይችለውም፣ ይቃጠላል» ብሎ ድርቅ አለ።

«ፈሪ!» አለችው ማክሰኞ ዕለት።

«አንቺ ደግሞ ሁሉን አዋቂ ነሽ አሉ!»

ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በማሂራ በኩል ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ «ማሂራ፣ መፍቻውን እንዲያቀብለኝ ንገሪው» እየተባባሉ። ማሂራ ምስኪን ሬዲዮ ሆና ቀረች።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ኢርፋን ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ፤ ማሂራም ቤቷ ሄደች። ሠርኬ ብቻዋን ስትቀር ባትሪዎቹን አገናኘቻቸው። ሮቦቱን ብድግ አድርጋ ለአንድ አፍታ ብታስነሳው ጎማዎቹ እየበረሩ ተሽከረከሩ። ደስታዋን አትጠይቁኝ! ኢርፋን ሲመጣ ምንም አትነግረውም። ያስነሳዋል፣ ሮቦቱ መወጣጫውን እየበረረ ይወጣል፣ ያኔ በሁሉም ፊት «እሺ፣ ማን ነበር ትክክል?» ትለዋለች። ዝም ያለችው ለዚህ ብላ ነው። እልኸኛ ናት።

«ምኑን ነው የነካካኸው?» አሉ ቲቸር ጓንጉል ከመስኮቱ ሲመለሱ።

«ምንም ቲቸር። ትናንት የበየድኩት ብቻ…» ኢርፋን አንገቱን ደፋ። «የኔ ብየዳ ይሆናል። ሁለት ነጥቦች ተነካክተው ይሆናል።»

ሠርኬ ኪሷ ውስጥ ያለውን ሽቦ ጨበጠችው።

ቲቸር ከመሳቢያ አንድ አዲስ ቦርድ አወጡ። «የቀረን ይሄ ብቻ ነው። ይሄም ከተቃጠለ ውድድር የለም። ይቅርታ ልጄ፣ እሁድ ተመልካች ትሆናለህ። ነገ ጠዋት ሠርኬ ትበይደዋለች።»

ኢርፋን አልተከራከረም። ምነው በተከራከረ! የራሱን መበየጃ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ሰጣት። ከማክሰኞ ወዲህ ፊት ለፊት ሲያናግራት ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«ጫፉን ቶሎ ቶሎ ጥረጊው፣ እሺ? አለዚያ ብየዳው አይይዝልሽም።»

ከትምህርት ቤት ስትወጣ መበየጃው ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሽቦው ኪሷ ውስጥ ነበር። ጎጃም በረንዳ ስትደርስ እናቷ ከቅመም ሱቋ ደጃፍ በርጩማዋን ወደ ጎረቤት አስጠግታ ተቀምጣለች። ጎረቤታቸው ጋሼ ሰሚር ሶላት ሲሄዱ ሱቃቸውን የምትጠብቅላቸው እሷ ናት። እሳቸው ማንቆርቆሪያና ፔርሙስ ይሸጣሉ፤ ማንቆርቆሪያዎቹን በሩ ላይ እስከ ጣሪያ ቆልለዋቸው ክምሩ ወደ መንገዱ ዘንበል ብሏል።

«ይሄ አንድ ቀን የሰው ጭንቅላት ሳይፈነክት አይቀርም» አለች እናቷ።

«ታዲያ ለምን አታወርጂውም? እሳቸው እንደሆነ የሉ።»

እናቷ እብድ እንዳየ ሰው አፈጠጠችባት። «በሰው ሱቅ? ሰውየው አምኖኝ ቢሄድ ዕቃውን ላተራምስበት? ሲመጣ እነግረዋለሁ እንጂ!»

ነገረቻቸውም። ጋሼ ሰሚር ገና ከማዶ ብቅ ሲሉ «ሰሚር! ይሄን ክምር አውርደው ብዬሃለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ሸዋዬ፣ ደሞ ጀመረሽ? እስከ ዛሬ ወድቆ ያውቃል?»

«እስኪወድቅ ነው የምትጠብቀው?»

ተጯጯሁ፤ ጋሪ የሚገፋ አንድ ሰው እንኳ ቆሞ እስኪያያቸው። ማንቆርቆሪያዎቹም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ጋሼ ሰሚር እየሳቁ ከኪሳቸው ቴምር አውጥተው ለእናቷ እፍኝ ሰጧት፤ ለሠርኬም ሰጧት። ቴምሩን ኪሷ ስትከተው ጣቷ ሽቦውን ነካ።

«እማ፣ መሳለሚያ ደርሼ ልምጣ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ኢርፋን ጋ።»

«ተኳርፈናል ስትይ አልነበር?»

«እሱማ አዎ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የኢርፋን አባት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑባት ክፍል ሁለት ሰው በቅጡ አታስቀምጥም። አባትየው አልነበሩም። ኢርፋን በአባቱ መበየጃ አንድ አሮጌ ቦርድ ላይ አጎንብሷል።

«ምነው፣ መበየጃው እምቢ አለሽ?» አለ ቀና ሳይል።

«አይ።»

«እስቲ እዪልኝ።» ቦርዱን ወደ እሷ ገፋው። ሠላሳ ያህል የብየዳ ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ክብ ናቸው፣ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። «ከመጣሁ ጀምሮ ይሄን ነው የምሞክረው። አባቴም አይቶ ምንም የለውም አለኝ። እጄ የቱ ጋ እንደሚሳሳት ሊገባኝ አልቻለም። አንቺ ይታይሻል?»

ሠርኬ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከነገረችው እሁድ ተመልካች የምትሆነው እሷ ናት። ማሂራ ትሰማለች፣ ቲቸር ይሰማሉ። እሱም ዳግም ላያናግራት ይችላል። ካልነገረችው ደግሞ ማንም በጭራሽ አያውቅም። ኢርፋን ግን እዚህ ቁጭ ብሎ የሌለ ስህተት ሲፈልግ ያመሻል።

ሽቦውን ከኪሷ አወጣችና ከነጥቦቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

ኢርፋን ሽቦውን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«እጅህ ምንም አልተሳሳተም» አለች። «ጁምዓ ሄደህ ሳለ…»

«ምን አልሽ?» ብድግ አለ።

ሠርኬ አልሸሸችም። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ልጨርስልህ። ከዚያ የፈለግከውን ያህል ጩህብኝ። ለቲቸርም ዛሬውኑ እደውላለሁ።»