ውሃው ላይ የወጣው ሰረዝ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ከያዕቆብ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፣ እና ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ "መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ተሰማኝ" የሚል ሰው ሲያወራ ሳቄን መያዝ የሚያቅተኝ ሴት ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰው ስለ ሕልሙ ሲመሰክር ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው። ደግሞ ይሄ የሆነው በሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ቅዳሜ፣ ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ያዕቆብ አዲስ አበባ ባዮሎጂ ጀምሮ ሳይጨርስ የተሰደደ ነው፣ ዌስትላንድስ ሰፈር አጠገብ አንድ ላቦራቶሪ በኮንትራት ተቀጥሮ ከአይጥ ጉበት ሴሎች አር ኤን ኤ የሚባለውን ነገር ያወጣ ነበር። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት በጊዜ ነው፣ ግን እራት እየበላን ሲያስረዳኝ ይገባኝ ነበር፣ አር ኤን ኤ ብዙውን ጊዜ ሴሉ ፕሮቲን እንዲሠራ ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው፣ እሱ ያገኘው ግን በጣም ትንሽ፣ ምንም ትእዛዝ ያልተጻፈበት ዓይነት ነበር፣ ሌላው ሰው ስብርባሪ ነው ብሎ የሚያልፈው። "ስብርባሪ ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ልክ ይሆናል እንዴ?" ይለኛል፣ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ።

ያ ትንሽ ነገር የሚታየው ጨረር የሚረጭ ምልክት ይደረግበትና ኤክስሬይ ፊልም ላይ፣ ቀጭን ጥቁር ሰረዝ ሆኖ ነው። አንድ ጊዜ ታይቶታል። አለቃው ኬንያዊት ዶክተር ናት፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ "አንድ ፊልም አያሳምነኝም፣ ደግመኸው ከወጣ ደመወዝ ያለው የተማሪ ቦታ አገኝልሃለሁ፣ ካልወጣ ኮንትራትህ በዚህ ወር ያበቃል" አለችው። እኛ ደግሞ ከዚያ ሌላ ተስፋ አልነበረንም፣ እመኑኝ፣ ምንም።

ያን ቅዳሜ ምሳውን ይዤለት ስሄድ ፊልም የሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"ነይ፣ አብረሽኝ ግቢ።"

"እኔ ገብቼ ምን ልሠራ?"

"ጸልዪ። ብቻ ምንም እንዳትነኪ፣ እጅሽ ዘይት ነው።"

"ጠዋት የበላኸው በዚሁ እጅ ነው" አልኩት፣ ሳቀ፣ እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ገባን፣ በሩን ዘጋ፣ ከአንዲት ቀይ አምፖል በቀር ብርሃን የለም። ፊልሙን ማጠቢያ መድኃኒቱ ውስጥ ሲነክረው አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጠቅ... ጠቅ ጠቅ።

"የጨረር መለኪያውን ማን ከፈተው?" አለ፣ ጨረር ሲያገኝ ጠቅ ጠቅ የሚለውን መሣሪያ ማለቱ ነው።

"እሱማ ውጭ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ስንገባ አይቼዋለሁ።"

ስናወራ ድምፁ ቀጥ አለ። ዝም ስንል ቀጠለ። እንደገና ተናገርን፣ እንደገና ቆመ፣ ከግድግዳ ጀርባ ጆሮውን የደገነ ሰው ያለ ነበር የሚመስለው።

ፊልሙ ላይ አራት ረድፍ ነበር፣ ሦስቱ ላይ ከሴል የወጣው ነው፣ አራተኛው ላይ ውሃ ብቻ ነው የጨመረው፣ ባዶ ሆኖ እንዲታይ ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ ውሃው ላይ አንዳች ነገር ከወጣ ልፋቱ በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ሦስቱ ረድፎች ንጹሕ ሆነው ቀሩ። ሰረዙ ውሃው ላይ ወጣ፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ልክ የመጀመሪያው ጊዜ ባየበት ከፍታ።

ያዕቆብ አዲስ የፊልም ሳጥን ከፍቶ ምንም ያልነካውን አንዱን አውጥቶ እንዲያው ነከረው። ሰረዙ እዚያም ላይ ወጣ፣ እዚያው ቦታ። ጠቅታው አሁን የሚመጣው ከሳጥኑ ውስጥ ነበር።

"በኢየሱስ ስም!" አልኩ።

"ዝም በይ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ይሰማሻል።"

ማን እንደሚሰማኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

በሩን ከፍተን ስንወጣ መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ባትሪዎቹ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

ሰኞ፣ ያዕቆብ እንደነገረኝ፣ ዶክተሯ ሁለቱንም ፊልም በመስኮቱ ብርሃን አየች፣ ከዚያው ሳጥን ራሷ አንድ አውጥታ አጠበች፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር።

"ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ" አለችው፣ "ውሃ ላይ የወጣ ነገር ግኝት አይደለም፣ ቆሻሻ ነው።"

"ምንም ያልነካው ፊልምስ?"

"ብርሃን አግኝቶት ይሆናል።"

"ዶክተር፣ ብርሃን ሰረዝ ያሰምራል?"

ሁለቱን ፊልም መልሳ ሰጠችው። እኔም መልሱን አላውቅም፣ ፓስተራችንን ጠይቄ "እንጸልይ" አለኝ፣ ነርስ ጎረቤታችንን ጠይቄ "ፊልሙ የተበላሸ ነው" አለችኝ፣ ሁለቱም ግን ያንን ዝምታ አልሰሙትም። አንዳንዴ ያ ነገር ሴሉን ትቶ ወጣ ወይስ መጀመሪያም ሴሉ ውስጥ አልነበረም እያልኩ አስባለሁ፣ ያኔ ጠቅታው እንዳይጀምር ቤት ውስጥ ብቻዬን ብሆንም ጮክ ብዬ ማውራት እጀምራለሁ።

ወሩ ሲያልቅ ያዕቆብ ነጭ ጋዋኑን አጥቦ መለሰና ኢስትሊ አንድ ጨርቅ ቤት ተቀጠረ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጣቃውን ባለበት ትቶ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ደንበኛ ቢጠራውም መብራት እስኪመጣ አይገባም።