በአራተኛው ኩሬ ዳር የቆመው ባልዲ

ሬሳውን ከአራተኛው ኩሬ ሲያወጡት በአፉ ተደፍቶ ይንሳፈፍ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ በሸራ ተሸፍኖ ዳር ላይ ተጋድሟል፤ ዙሪያው የቀረው ጭቃ ብቻ ነው፣ ያውም ስፍር ቁጥር የሌለው እግር ያቦካው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይህን ሁሉ ሰው ማን አስገባው?»

«ሬሳውን ለማውጣት ያገዙ ናቸው፣ ኢንስፔክተር።»

«ዝሆን ነው እንዴ የወደቀው?»

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሟርተኛዋ ይሏታል። ወደ ሥራ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ የሚመጣውን ክፉ ትቆጥራለች፤ ዱካው ይረገጣል፣ የዋህ ሰው ይታሰራል፣ እውነቱን የሚያውቀው አፉን ይዘጋል ትላለች። የሚያናድዳት ደግሞ ሟርቷ መድረሱ ነው።

ሟቹ የዓሣ እርባታው መሥራች ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ ሽማግሌው ይላቸዋል። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። ከውሃው ዳር፣ ለኩሬው ውሃ አየር ከሚሰጠው ማሽን ብረት አጠገብ፣ ግማሽ ድረስ መኖ የያዘ ባልዲ ቆሟል። የኩሬው ፊት ላይ ዱቄት የመሰለ ቡናማ ነገር ተነስንሷል። መርማሪዋ ከባልዲው በጣቷ ቆንጥራ አሸችው፤ ልሞ የደቀቀ፣ የሚሸትና ቅባት ያለው ነበር። ጥቂት በወረቀት ጠቀለለች።

«ነገሩ አልቋል» አለ ሃምሳ አለቃው። «ባልዲው የዓሣ ቀላቢዋ ነው። ማለዳ እዚህ ነበረች፤ የዓሣ ጫጩቶቹን ቀልባ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታደርስ ወጥታለች። ትናንት ሽማግሌው መኖ አበዛሽ ብለው ተቆጥተዋታል። ስትመለስ በር ላይ ያዝኳት፤ መኪና ውስጥ ናት።»

«ባልዲውን አሳየሃት?»

«ለምን ብዬ? የራሷን ባልዲ!»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ቀላቢዋ ዛሬ ጣቢያ ከገባች ሁለት ሴት ልጆቿ በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚቀበላቸው የለም። የገባ ሰው ደግሞ ቶሎ አይወጣም፤ ይህን ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ማለዳ ግቢው ውስጥ የነበሩት ከቀላቢዋ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ዘበኛውን ጠየቀች።

«አባባ፣ ሽማግሌው ጠዋት ምን ሊሠሩ ወደ ኩሬው ወረዱ?»

ዘበኛው ባልዲውን አየት አደረገና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። «እኔ የበር ሰው ነኝ፣ ልጄ። የበሩን ጠይቂኝ።»

የዓሣ ሐኪሙም ከዚህ አልተሻለም። ባልዲው ላይ አፈጠጠ፣ መነጽሩን ወለወለ፣ «እንጃ» አለ።

«እሺ፣ ከማን ጋር ይጋጩ ነበር?»

«ከእህታቸው ልጅ ጋር ይከራከሩ ነበር፣ ግን የዘመድ ነገር ነው። እሱ በየኩሬው የዓሣውን ቁጥር እጥፍ እናድርግ ይላል። እሳቸው ደግሞ ውሃው አይችልም፣ ዓሣው ይታመማል፣ ለበሽታው መድኃኒት እናፈሳለን፣ መድኃኒቱ ወንዙ ውስጥ ይገባል ይላሉ።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁሌ የሚሏት ነገር ነበረች፦ ባሕሩን አጥምደን ስናሟጥጠው ዓለም ፊቱን ወደ ኩሬ አዞረ፤ ኩሬውን ደግሞ ካበላሸነው ልጆቻችን ፊታቸውን ወዴት ያዞራሉ?»

የእህታቸው ልጅ ሽያጩን የሚመራው ነው። ሸሚዙ እንደ ወተት የነጣ፣ እጅጌው እስከ ክንዱ የተጠቀለለ፣ ጫማው ገና የተወለወለ።

«አጎትዎ ጠዋት ምን ሊሠሩ ወረዱ?»

«ዓሦቹን ሊቀልቡ ነዋ! ሌላ ምን ይሠራሉ?»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። እኔ ኩሬ ለኩሬ አልዞርም። መኖ ቤቱንም ከረገጥኩ ወር አልፎኛል፤ ሽታው ልብስ አይለቅም።»

በዚህ መካከል በር ላይ ጩኸት ተነሳ። የውሃ ገንዳ የተጫነበት መኪና ሹፌር ነው።

«እመቤት፣ ወይ አስጭኑኝ ወይ አሰናብቱኝ! የአራተኛው ኩሬ ዓሣ ዛሬ ይወጣል ተብዬ ነው የመጣሁት። እነዚህ ፍጥረቶች ከትናንት ጀምሮ ጾመዋል!»

«ዓሣም ይጾማል እንዴ?»

«ከእኛ ይብሳል! ሊጫን ሲል አንድ ቀን ሙሉ መኖ አይቀምስም። ጠግቦ ከተጫነ ገንዳውን በኩሱ ያጨቀየውና መንገድ ላይ ታፍኖ ያልቃል። ይህን የማያውቅ የኩሬ ሰው አለ?»

 መርማሪዋ ወደ ፖሊስ መኪናው ሄዳ በወረቀት የጠቀለለችውን ዱቄት ካቴና ለገባበት እጅ ሰጠች። ቀላቢዋ ከማልቀስ ብዛት ዓይኗ አብጧል። ዱቄቱን ባየች ጊዜ ግን ልቅሶዋን ተወችው።

«ከየት አመጣሽው፣ እህቴ?»

«ከአራተኛው ኩሬ።»

«አራተኛ? የትኛው ደንቆሮ ነው እዚያ የበተነው? ይህ የጫጩቶቹ ነው! ትልልቆቹ የሚበሉት ባቄላ የሚያህለውን ነው። ደግሞ ዛሬ ይወጣሉ፣ ማን ቀልቡ አለ?»

መርማሪዋ ሁሉንም መኖ ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጆንያዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ተደርድረዋል፤ ልዩነታቸው የሚታየው ሲከፈቱ ብቻ ነው።

«በፊቱ ውሃ ላይ የተደፋ ሰው ማጅራቱ አይፈነከትም» ብላ ጀመረች። «ሽማግሌው ተገፍተው በጀርባቸው ማሽኑ ብረት ላይ ወደቁ፣ ከዚያ ተንከባለው ውሃ ገቡ። የገፋቸው ሰው ሲቀልቡ ያዳለጣቸው ለማስመሰል ባልዲ አመጣ። ግን ዛሬ ኩሬው ጾመኛ ነው። ቀላቢዋ ይህን ታውቃለች። ዘበኛው ያውቃል፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ ሹፌሩ እንኳ ያውቃል። ባልዲው ውስጥ ያለው ደግሞ የጫጩት መኖ ነው። ከዓሣ ጋር የሚውል ሰው በሁለቱም አይሳሳትም። ሽማግሌው ሊቀልቡ ወረዱ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የእህታቸው ልጅ ሳቀ። «ባለማወቅ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ወር ሙሉ መኖ ቤት አልገባሁም ብለውኛል፤ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«እጅጌዎን ይዘርጉት።»

አልነካውም። ሃምሳ አለቃው ክንዱን ይዞ የተጠቀለለውን ፈታው። ከነጩ እጥፋት ውስጥ ቡናማው ዱቄት ሲሚንቶው ላይ ረገፈ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ለገዢው እጥፍ አቀርባለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። እሳቸው ግን ዛሬ ለገዢው ደውዬ ይህ ልጅ ውሸታም ነው እለዋለሁ አሉኝ። ገፋኋቸው። ብረቱን አላየሁትም።»

«ሲወድቁ ሞተው ነበር?»

ዓይኑን ከረገፈው ዱቄት ላይ አላነሳም።

«ከኩሬው እዚህ ድረስ ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ ደርሶ መልስ ስድስት መቶ። ይህን ሁሉ ለባልዲ ከምትሄድ አንገታቸውን ከውሃ ቀና ብታደርግላቸው ምን ነበረበት?» አለችው። አንቱታውን መቼ እንደጣለችው ራሷም አላወቀችም።

ይዘውት ወጡ። ነገሩ ተፈትቷል፤ መርማሪዋን ግን ንዴቱ አልለቀቃትም። ወደ ዘበኛውና ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«እናንተ ባልዲውን ባያችሁበት ቅጽበት አውቃችኋል።»

 የቀላቢዋ ካቴና ተፈታ። ማንንም አላመሰገነችም። የእጇን አንጓ እያሸች ዘበኛው ፊት ቆመች።

«እውነት ነው፣ አባባ? ዛሬ ዓሦቹ አይበሉም፣ በቃ ይህችን ማለት አቃተዎት? እዚያ መኪና ውስጥ ስጮህ እየሰሙኝ?»

«ምን ላርግ፣ ልጄ» አለ ዘበኛው። «ከእንግዲህ የሚያዘን እሱ ነው ብዬ… የልጆች ጉሮሮ ነው።»

«የእኔዎቹ ጉሮሮ የላቸውም?»

 ቀላቢዋ ሻርፗን አጥብቃ ወደ በሩ ተራመደች። ዘበኛው ሊከፍትላት ከኋላዋ ሮጠ፤ እጁን ከመወርወሪያው ላይ አንስታ በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።