የካፒቴኑ ልጅ

«እንኳን ደስ አለሽ!» ጓደኛዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ተጠመጠመችባት። «ካፒቴኑ ተርፏል! ጠዋት በሬዲዮ ሰማን እኮ!»

ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ሬዲዮውን ልጅቷም ሰምታዋለች። መርከቧ ሰጥማለች፤ ካፒቴኑና ስድስት ሰዎች በጀልባ ተርፈዋል፤ ከሞተር ክፍል ግን አንድም ሰው አልወጣም። የአባቷ ሥራ ደግሞ ታች ሞተር ክፍል ውስጥ ማሽኖቹን ዘይት ማጠጣት ነው። እናቷ እስካሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለውን ድምፅ እየሰማች ይሆናል። «እዚህ ተጎልተሽ ምን ልትፈይጂ? ሂጂ ተማሪ» ብላ ነው የላከቻት።

አባቷን ካፒቴን ያደረገችው ራሷ ናት። አምና ልጆቹ ሁሉ በአባቶቻቸው ሥራ ሲኩራሩ «የኔ ካፒቴን ነው» የሚል ቃል ከአፏ አመለጣት። ከዚያ አባቷ ለእረፍት መጥቶ ሊወስዳት ትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ይህችው ጓደኛዋ «ካፒቴን፣ ጤና ይስጥልኝ!» አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ልጁን አንዴ አየት አደረጋትና «ጤና ይስጥልኝ የኔ ልጅ» አለ። እጆቹን ግን ከኪሱ አላወጣም። ጥፍሮቹ ሥር የገባው ዘይት በምንም ሳሙና አይለቅም ነበር።

መንገድ ላይ «በይ እንግዲህ፣ ከሾምሽኝ አይቀር ኮፍያውንም ግዢልኝ» ብሎ ሳቀ። እሷ አፈረች። ሲመለስ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብላ አሳደረችው።

መምህሩ ገቡ። «ምንድን ነው ጫጫታው?»

«ቲቸር፣ የሷ አባት ተረፈ!»

«እሰይ! እንኳን ለቤቱ አበቃው!» ፊታቸው በራ።

ዝም ብትል ዛሬን በዚህ ክፍል ውስጥ በሕይወት ያለ አባት ይኖራታል። ቢያንስ እስከ ደወሉ። ግን የሚጨበጨበው ለሌላ ሰው ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ ለደበቀላት ሰውዬ እዚህ ያዘነለት አንድም ሰው የለም።

ተነሣች። ጠረጴዛውን ያዘች።

«ካፒቴኑ አባቴ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም» አሉ መምህሩ፣ ፈገግታቸው ገና ፊታቸው ላይ እንዳለ።

ድምጿን ከፍ አደረገች።

«የኔ አባት ታች ነው የሚሠራው። ሞተር ክፍል።»