የአሥራ ሦስቱ ስም

ኒያት ዋሊ የተገደለው መንገድ ዳር ካለው የዘመቻ መታሰቢያ ድንጋይ ሥር ነው። ጡረተኛው መምህር ራሱን ወደ መስኖው ቦይ አዘንብሎ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱ ተፈርክሷል። አጠገቡ የድንጋይ ጠራቢው የቡልቡል መዶሻ ወድቋል።

ድንጋዩ የእንግሊዝ ጦር መድፉን ይዞ በዚህ መንገድ በረዶውን ጥሶ እንዳለፈ፣ መንገድ የመራውም የመንደሩ ሹም የሸርባዝ አያት እንደሆነ ይናገራል። መድፉን በጅራፍ እየተነዱ ተሸክመው በብርድ ያለቁትን አሥራ ሰባት ድሆች ግን አያነሳም። ስማቸውን ከአያቱ አፍ ሰምቶ የያዘ ኒያት ዋሊ ብቻ ነበር። እሱ እየነገረው ቡልቡል አራቱን ድንጋዩ ላይ ቀርጿል።

ኢንስፔክተር ዘርናብ ከከተማ ስትደርስ ቡልቡልን አስረው ጠበቋት። ደርቆ የተገተረውን ሬሳ አገላብጣ አየች፤ ከቦዩ አፈር ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው። ከዚያ ወደ ሹሙ ቤት ወጣች። ሸርባዝ ከማለዳ ጀምሮ ከደጁ አልወጣም፤ ሬሳ ማየት አይወድም።

«ልጄ፣ ምን ያደክምሻል? መዶሻው የማን ነው?»

«የቡልቡል። መምህሩን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ከጣራዬ ላይ ሆኜ። ለሶላት ቦዩ ውስጥ ሲታጠብ ነበር። ያ ሌባ ከኋላው ሲመጣም አይቻለሁ።»

«ውሃ ነበር?»

«የሌሊቱ የውሃ ተራ የኔ አይደል እንዴ! ጢም ብሎ ነበር።»

ዘርናብ ሻዩን ሳትጨርስ ወደ ቡልቡል ወረደች።

«መዶሻህን ለምን ጥለኸው ሄድክ?»

«ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴ ስትጣራ በሩጫ ሄድኩ። ጋሼ ኒያት እዚያው ቀሩ። ሚስቴ ወለደች።»

«ታዲያ የልደት ተኩስ የሰማ ሰው የለም።»

«ሴት ናት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የሚተኮሰው ለወንድ ነው።»

በቀትር ሁሉንም ድንጋዩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው፤ ሹሙም እያጉረመረመ መጣ።

«ልጅ ሲወለድ የዚያ ሌሊት ውሃ የማን ነው?» አለች።

«የአራሷ ቤት ነዋ!» አሉ ሴቶቹ።

«ተራው የሹሙ ቢሆንስ?»

«የማንም ቢሆን! ማንን ልናስፈቅድ ነው?»

«እንግዲህ ከትናንት ምሽት ጀምሮ ውሃው ከላይ ወደ ቡልቡል ቤት ተጠልፏል። ቦዩ አሁንም እንደደረቀ ነው። ጎህ ሲቀድ እዚህ የታጠበ ሰው የለም፤ ሬሳውም የማታ ሬሳ ነው። ቡልቡልን ከጀምበር ግባት ጀምሮ አምስት ሴቶች እያዩት እቤቱ ነበር። መንደሩ በሙሉ ልጅ መወለዷን ያውቃል። የድሃ ደጅ የማይረግጡት እርስዎ ብቻ አላወቁም፣ አባቴ። ወንድ ቢሆን ኖሮ ተኩሱ ይነግርዎት ነበር።»

ሸርባዝ ቦዩን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ሳቀ።

«ያ መምህር አያቴን ጅራፍ አስይዞ ድንጋይ ላይ ሊያቆመው ነበር! እሺ፣ እሰሩኝ። የቀሩትን አሥራ ሦስት ማን ይነግራችኋል? ወረቀት እንኳ አልነበረውም።»

የቡልቡልን ገመድ ፈቱለት። እሱም ከአራተኛው ስም በታች ያለውን ልሙጥ ድንጋይ በመዳፉ ዳሰሰው።

«አምስተኛው የኔ ቅድመ አያት ነበሩ» አለ። «እኛ ቤት ስማቸውን የሚያውቅ አልቀረም። ጋሼ ኒያት ነገ እነግርሃለሁ ብለውኝ ነበር።»