ከአሻራው በታች

ፅጌረዳ ከአውራጃው መሥሪያ ቤት አጥር ውጭ የቶላን አውራ ጣት በቀለም በራሰ ጨርቅ ላይ አሻሸችና የወረቀቱ ግርጌ ላይ ቀስ አድርጋ ጫነችው። ጣቱ እንደ እርፍ እንጨት የደረቀ ነው።

«አለቀ?» አላት።

«አለቀ አባባ። ሹሙ ሲወጡ ይስጧቸው።»

ቶላ ኢተያ አጠገብ ጭሰኛ ነበር። ባለርስቱ ትራክተር ገዛና ባለፈው ሳምንት ቤቱን ከነእህሉ አስፈረሰበት። አሰላ ከተማ በየመሥሪያ ቤቱ በር ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች የባለርስቱን ስም ሲሰሙ ብዕራቸውን ከደኑ። የስምንተኛ ክፍሏ ፅጌረዳ ግን ጻፈችለት።

ሹሙ ብቅ ሲል ቶላ ወደ ግቢው ገብቶ ለጥ ብሎ እጅ ነሣና ወረቀቱን ሰጠ። «አቤት ጌታዬ! አቤት!»

ሹሙ ወረቀቱን አነበበና ግርጌውን ተመለከተ። «የጸሐፊው ስም የታለ? ማነው የጻፈልህ?»

ማመልከቻ የጻፈ ሰው ከአሻራው በታች ስሙን ማኖር አለበት። ፅጌረዳ አውቃ ነው የተወችው፤ አባቷ አቶ ወልደሰንበት የዚሁ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ናቸው።

«ሂን ቤኩ» አለ ቶላ። «አላውቅም ጌታዬ፤ መንገደኛ ነው።»

ዘበኛው ግዛቸው በሰደፍ ትከሻውን አለው። ቶላ ተንበረከከ። ሁለተኛው አፉ ላይ አረፈ፤ ደም ከነጥርሱ ጠጠሩ ላይ ተፋ።

«ምላሱ እምቢ ካለ ጥርሱን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ!» አለ ግዛቸው። ተሰልፎ የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

አቶ ወልደሰንበት መዝገብ በብብታቸው ይዘው ወጡ። ሹሙ እጅ ላይ ያለውን ጽሕፈት ገና ሲያዩት አወቁት። በአጥሩ በኩል ልጃቸውን ፈልገው አገኟትና ራሳቸውን ነቀነቁ፦ ዝም በይ።

ሰደፉ የቶላ ጎን ላይ ወረደ። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ።

«እኔ ነኝ!» ፅጌረዳ ግቢው ውስጥ ገብታለች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እሱን ተውት!»

ሹሙ በጥፊ አጮላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የኔ ናት ጌታዬ» አሉ አባቷ። «ጸሐፊው ከታወቀ ደግሞ... ደንቡ ማመልከቻው መዝገብ ይግባ ነው የሚለው።»

ተሰልፎ የነበረው ሰው አንድ ባንድ ቀና አለ። ሹሙ ወደ ሰልፉ አየ፤ ወረቀቱን ጨምድዶ መሬት ላይ ወረወረው።

«ይግባልሃ!» አላቸው አቶ ወልደሰንበትን። «አንተ ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

በሩን ዘግቶ ገባ። ሁለት ሴቶች ቶላን ደግፈው አስቀመጡት።

ፅጌረዳ ወረቀቱን አንስታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። አባቷ ብዕራቸውን ሰጧት። ከአሻራው በታች ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፈች። እሳቸው ቁጥር ሰጡት፤ ማኅተም መቱበት፤ ከሌሎቹ ማመልከቻዎች በላይ አኖሩት።